ከሐርጌሳ ምሳ በኋላ

ሐርጌሳ ምግብ ቤት ገብታችሁ ምሳ ብታዙ፣ በቅመም የበሰለ ሩዝ ከግመል ሥጋ ጋር ይመጣላችኋል፤ ጎኑ ላይ ሙዝ። ሙዙ ከሩዙ ጋር አብሮ ይጎረሳል። ላለመደው ግር ይላል፣ ግን ይጣፍጣል።

የሩዙ ስታርች መፈጨት የሚጀምረው አፍ ውስጥ ነው፤ ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይሰባብረዋል። ጨጓራ ሲደርስ አሲዱ ሥራውን ያስቆመዋል። የቀረውን ትንሹ አንጀት ውስጥ የቆሽት ኢንዛይም ይረከበዋል፤ መጨረሻው ግሉኮስ ሆኖ ወደ ደም መግባት ነው።

ሥጋው አይቸኩልም። የጨጓራ አሲድና ፔፕሲን ፕሮቲኑን ይቆራርጡታል፣ አንጀት ደግሞ እስከ አሚኖ አሲድ ድረስ ያደቀዋል። ስቡን ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት እንደ ሳሙና ይበታትነዋል። ስብ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ስለሚያደርግ፣ ቅባት የበዛበት ምሳ እስከ ማታ ቢያጠግብ አይግረማችሁ።

የግመል ወተት ከጠጣችሁስ? ስኳሩን፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ ነው። ከዓለም አዋቂዎች የሚበዙት ይህ ኢንዛይም ይቀንስባቸዋል፤ ከጥንት ጀምሮ በወተት ከኖሩ አርብቶ አደሮች ግን ብዙዎቹ በዘር ይዘውት ይዘልቃሉ። ኢንዛይሙ በቀነሰባቸው ሰዎች፣ ያልተፈጨውን ላክቶስ ትልቁ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ የሆድ መነፋቱም ከዚያ ነው።

ከምሳ ጋር የሚጠጣ ሻይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ከሥጋው ብረት ግን ከፊሉን ብዙም አይነካውም።