የጣት ቁርጥማትና የደም ምርመራ



ጠዋት የሁለት እጃችሁ ጣቶች አብጠው ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ቢሉ፣ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ሊጥ ማቡካት፣ ጀበና ማንሳት እስኪያቅት አትጠብቁ። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሰውነታችንን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያችንን ይወጋል። ከሚወጋባቸው መሣሪያዎች አንዱ አንቲቦዲ ይባላል፤ የሚፈለገውም በደም ምርመራ ነው።

ታዲያ ደም ብቻውን ዳኛ አይሆንም። አንቲቦዲው አንዳንድ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። ከ10 ታማሚዎች ደግሞ 2 ወይም 3ቱ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ደሴ ሄዳችሁ «ደማችሁ ንጹሕ ነው» ብትባሉ፣ እብጠቱ ግን ባይለቅ፣ እንደገና ሂዱ። መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ጣት ከመጣመም ይተርፋል፤ ከተጣመመ በኋላ ግን መድኃኒት አያቃናውም። ስትሄዱ የፊተኛውን ወረቀት ያዙ። እብጠቱ የጀመረበትን ቀንም ራሳችሁ ጻፉበት፤ ሐኪሙ ይጠይቃችኋል።