«ሶሪ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ፍቺዎቹና አቻዎቹ



ዛሬ የምናገርበት ቃል ሳይተረጎም በአፋችን የገባው «ሶሪ» ነው። እኔን ያስጨነቀኝ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሳይሆን በሆስፒታል ኮሪደር ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የውጭ አገር ሐኪም ሳስተረጉም፣ ሐኪሙ ልጃቸው ለሞተባቸው እናት «አይ አም ሶሪ» አሏቸው። እኔም ቸኩዬ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ይላሉ» አልሁ። እናቲቱ ዕንባቸውን ገታ አድርገው «ልጄን ምን አድርገውት ነው ይቅርታ የሚጠይቁኝ?» አሉ። ሐኪሙ የገለጹት ሐዘናቸውን ነበር፤ ወደ በደል የለወጥሁት እኔ ነኝ።

የቃሉን ምንጭ ብመረምር በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ሆኖ አገኘሁት። የወጣውም ሕመምንና ቁስልን ከሚያመለክተው «ሶር» ነው። ሐዘን ማለት ከሆነው «ሶሮው» ጋር ቢመሳሰልም ሥራቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ የቃሉ መነሻ ሕመም ነው፤ ይቅርታ መጠየቂያነቱ በኋላ የተደረበ ነው።

ተመሳሳይ የሚባሉት ቃላትም አንድ አይደሉም። «አፖሎጃይዝ» ያለ ሰው ጥፋቱን ያምናል። «ሪግሬት» ያለ ሰው በሆነው ነገር ይጸጸታል፤ ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ ግን የግድ አይደለም። «ሶሪ» ሁለቱንም ይሸከማል።

ይህ አሻሚነት በመንግሥታት መካከልም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2001 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ ጄት ተጋጭተው ቻይናዊው አብራሪ ሞተ። በቻይና ለ11 ቀናት የተያዙት 24 አሜሪካውያን የተለቀቁት «ቬሪ ሶሪ» የሚል ደብዳቤ ከተሰጠ በኋላ ነው። አንዱ ወገን ቃሉን እንደ ይቅርታ ሲቀበለው፣ ሌላው ሐዘን መግለጫ እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም አለ።

አማርኛ ግን ሥራውን ለየብቻ ያከፋፍላል። «ይቅርታ» «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በደሉ ይቅር፣ ይተው ማለት ነው። የሚቀር በደል ከሌለ ቦታ የለውም። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን፤ ጉዳቱን ወደ ራሳችን እንጠራለን። የደከመውን «አይዞህ» እንለዋለን። ለሐዘንተኛ ደግሞ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለን። ያን ቀን ከአፌ መውጣት የነበረበት ይህ ነበር።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ «ሶሪ»ን ከመተርጐማችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ተናጋሪው በድሏል ወይስ አዝኗል? መልሱን ሳታውቁ አፋችሁን አትክፈቱ።