ስለ ጋራ ግጦሽ ወሰን ለቆሰበርና ለአካባቢዋ የተነገረ



በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ ይህንኑ አጸናው። ለገበሬው ማሳ የይዞታ ደብተር ተሰጥቶታል፤ የጋራው ግጦሽ ግን የሁሉ ስለ ሆነ ጠባቂው ጥቂት ነው። ጎረቤት በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ ቢያርሰው ማን ይከሳል?

በባንጃና በፋግታ ለኮማ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ በብዙ ተተክሏል፤ ለገበሬው ገንዘብ ማስገኘቱን አልክድም። ነገር ግን የአገው ፈረስ የሚበላው ሣር እንጂ የከሰል ዋጋ አይደለም።

ስለዚህ የወረዳው ሹማምንት ከአዳራሽ ሥራ አስቀድመው ወሰኑን በሽማግሎች ፊት ያስለኩ፤ የወሰን ድንጋይም ያቁሙ። የመዝገቡም ግልባጭ በትምህርት ቤት ይቀመጥ፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ለአባቱ ያንብብለት።