ማጫወቻው ሳይጠፋ

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በብዙዎቻችሁ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር ተቀምጧል። የሰርግ ቪዲዮ፣ የክርስትና፣ የምርቃት፣ የአባት ድምፅ ያለበት የቴፕ ካሴት። ጥያቄው እነዚህን ወደ ሃርድ ዲስክና ወደ ፍላሽ እናዛውራቸው ወይስ ባሉበት ይቆዩ የሚል ነው።

ይቆዩ የሚሉትን ሰዎች እረዳቸዋለሁ። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከቪዲዮ ካሴት ወደ ዲቪዲ ግቡ ተብለው ገብተዋል። ዛሬ ደግሞ ገበያ ላይ ያለው አዲስ ላፕቶፕ አብዛኛው ዲቪዲ ማስገቢያ የለውም። በየጊዜው ወጪ፣ በየጊዜው ድካም። «ካሴቱ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ምን ሆነ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከካሴቱ ይልቅ ማጫወቻው፣ ማለትም ዴኩ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልንገራችሁ። ዛሬም ድረስ በየቤታችን ያለው የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት በጃፓን ገበያ የወጣው በ1976 ነው። እስከ መጨረሻው ዴክ ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ደግሞ በ2016 ማምረቱን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዴክ ሁሉ አሮጌ ነው። ጎማው ይላላል፣ ቴፑን የሚያነበው ሄድ ይበላል፣ መለዋወጫም የሚገኘው ከሌላ የሞተ ዴክ ሆድ ውስጥ ነው። ጥገናውን የሚያውቁት ባለሙያዎችም በየዓመቱ እያነሱ ነው።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ካሴት እያለ ማጫወቻ ማጣትን ቀድማችሁ አይታችሁታል። አዲስ አበባ ላይ የተቀዳ የሰርግ ቪዲዮ ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው፤ የአሜሪካው ዴክ የሚያነበው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የሚባለውን ነው። ዋሽንግተን የደረሰው ካሴት ምንም ሳይጎድለው፣ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ እስኪገኝ ድረስ የእኅት ሰርግ ሳይታይ ይቀመጥ ነበር።

በእንግሊዝ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ንጉሥ ዊልያም በ1086 የአገሩን መሬትና ሀብት አስቆጥሮ በብራና አጻፈ፤ ዱምስዴይ የሚባለው መዝገብ ነው። 900 ዓመት ሲሞላው፣ በ1986፣ ቢቢሲ አዲስ መዝገብ አዘጋጀ። ተማሪዎች ሳይቀሩ ስለየመንደራቸው ጻፉ፣ ፎቶ አነሡ፤ ሁሉም በሌዘር ዲስክ ላይ ተቀመጠ። ዓሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆን ያን ዲስክ የሚያነብ መሣሪያ ብርቅ ሆነ። ይዘቱን ለማትረፍ ተመራማሪዎች ብዙ መድከም ነበረባቸው። ብራናው ግን ያው ይነበባል። ዓይንና ብርሃን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ብራና ካልኩ፣ እኛው ዘንድ ከተሠራው ሥራ የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘሁም። በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ የፊልሙም ቅጂ ሚኒሶታ ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዓመታት እዚያ ተቀምጠው እነዚያን መጻሕፍት መርምረው ካታሎግ አዘጋጁ። ኋላም ከፊልሞቹ ብዙዎቹ ወደ ዲጂታል ተዛወሩ። ልብ በሉ፤ ፊልም ስለተነሣ ብራናው አልተጣለም። መጽሐፉ ለባለቤቱ ተመለሰ፣ ፊልሙ ተቀመጠ፣ ዲጂታሉ ተጨመረ። እንዲህ ያለውን መዛወር በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ።

ስለዚህ አዛውሩ እላለሁ፤ አሁን፣ ዴክ ያለው ሰው ሳይጠፋ። ዩኔስኮና የዓለም አቀፍ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር የማግኔት ቴፖች ጉዳይ እንደሚያሰጋ ሲያስጠነቅቁ፣ ባለሙያዎቹ ያስቀመጡት የጊዜ ገደብ 2025 ነበር። ያም ደርሷል። ቴፑ ራሱም እርጥበት ሲያገኘው፣ የብረት ብናኙን የያዘው ማጣበቂያ ይደክማል፣ ይላቀቃል።

አዲሱም ዕቃ ዘላለማዊ አይደለም። ፍላሽ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙሌት ነው፤ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተተወ ሙሌቱ ሊሟሽሽ ይችላል። ሃርድ ዲስክ ይወድቃል፣ ይበላሻል። ቤት የተቀዳ ዲቪዲ ቀለሙ በፀሐይ ይደበዝዛል። ከዚህ የተነሣ አንድ ቅጂ አይበቃም። አንዱ እናንተ ጋ፣ ሌላው ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያለ ልጅ ወይም ወንድም ጋ ይሁን፤ በየዓመቱም ከፍታችሁ እዩት።

ስታስቀዱ ስለ ጥራቱ ጠይቁ። የ60 ደቂቃ የድምፅ ካሴት ቤተ መዛግብት በትንሹ በሚመክሩት ልክ፣ ሳይታመቅ ሲቀዳ 1 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ በኤምፒስሪ ሲታመቅ ወደ 60 ሜጋባይት ይወርዳል። ቦታ ዛሬ ርካሽ ነውና ያልታመቀውን ጠይቁ። አትቸኩሉ፤ የሦስት ሰዓት ሰርግ ለመቅዳት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ሌላ ቅጂ ከሌለው ጀምሩ። የታወቀ ዘፋኝ ካሴት ሌላ ሰው ጋም ይገኛል። ከስደት በካሴት ተቀድቶ የተላከ የአጎት ሰላምታ፣ የአያት ምርቃት፣ ለቅሶ ላይ የተቀዳ ሙሾ ግን እናንተ ቤት ብቻ ነው ያለው። ሲቀዳ ያን ዘመን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር፤ ማን እንደሚናገር፣ የት እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ይንገራችሁ፣ በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት። ካሴቱንም ቀጂው ሱቅ ትታችሁ አትውጡ። ወደ ቤት መልሱትና ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ አርቃችሁ አቁማችሁ አስቀምጡት፤ ነገ የተሻለ የሚቀዳ መሣሪያ ቢመጣ ዋናው እሱ ነው።