አፉ ካልተጣመመስ?

አድማጮቼ፣ ስለ ስትሮክ ያቀረብነው ዝግጅት ከተላለፈ ወዲህ ስልካችን አንድ ጥያቄ እየደጋገመ ያመጣልናል። አጠያየቁ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ «አፉ አልተጣመመም፣ እጁም አልዛለም፤ ታዲያ እንዴት ስትሮክ ነው ይሉናል?»

ከደወሉልን አንዷ ባለቤቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ማለዳ ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ቤቱ ዞረበት። ግድግዳ እየተደገፈ አልጋው ላይ ደርሶ ወደቀና ማስመለስ ጀመረ፤ ሆዱ ውስጥ ምንም እስከማይቀር አስመለሰው። «ጨጓራው ተነሣበት አልን» አለችኝ። ለስላሳ ተገዝቶ መጣ። ጎረቤት ደግሞ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችለት። ከሰዓት በኋላ ውኃ ጠየቀ። ብርጭቆው ፊቱ ነው፤ እጁ ግን ብርጭቆውን አልፎ ሄደና ሲመለስ ጠርሙሱን ጣለው። ንግግሩም ተጎተተ፤ «ጠጥቶ የመጣ ነበር የሚመስለው፤ እሱ ግን መጠጥ የሚባል አያውቅም» አለች። ማታ ሆስፒታል ወሰዱት። ሲቲ ስካን ተነሣ፤ «ንጹሕ ነው» ተባለ። የኋላ ኋላ በኤምአርአይ የታየው ግን ስትሮክ ነው፤ ከማጅራት በላይ፣ ከራስ ቅሉ በስተኋላ ባለው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬቤለም በሚባለው ክፍል ላይ።

ፊቱ ተጣመመ ወይ፣ እጁ ወደቀ ወይ፣ ንግግሩ ተኮላተፈ ወይ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ዛሬ ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ታውቃላችሁ። እሰየው፤ አብዛኛው ስትሮክ በነሱ ይያዛል። ሁሉም ግን አይያዝም። በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የ736 የስትሮክ ሕሙማንን መዝገብ አገላብጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ከ100ው ወደ 14 የሚሆኑት ከሦስቱ ምልክቶች አንዱም አልነበራቸውም። አረማመድና ዓይን ሲጨመሩበት ግን የሚያመልጠው ቁጥር ወደ 4 ግድም ወረደ። ስለዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎች ጎን አንድ ሌላ አስቀምጡልኝ፦ ይህ ሰው ቆሞ መሄድ ይችላል? እስከ ዛሬዋ ዝግጅት መጨረሻ በዚህች ጥያቄ እነዘንዛችኋለሁ፤ ታገሡኝ።

አሁን ለምን እጁ ሳይዝል እንደሚስት ልንገራችሁ። የዚያች እህት ባለቤት ሾፌር ስለሆነ በሱው ሙያ ነው ያስረዳኋት። ትልቅ መኪና ጠባብ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ሲገባ ረዳቱ ወርዶ «ና… ና… ትንሽ ወደ ግራ… በቃ!» ይላል። ሞተሩም መሪውም የሾፌሩ ነው፤ ረዳቱ ዝም ያለ ዕለት ግን መኪናው ጉልበቱ ሳይጎድል አጥሩን ይዞት ይሄዳል። ትንሹ አንጎል ሥራው ይኸው ነው። ጉልበት የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ የት ላይ መቆም፣ ምን ያህል መዘርጋት፣ ሰውነትን እንዴት ቀጥ አድርጎ መያዝ የሱ ፈንታ ነው። ለዚህ ነው ሕመምተኛው እጃችሁን ጨብጥ ስትሉት አጥብቆ ጨብጦ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ግን መቆለፍ የሚያቅተው። አፍንጫህን ንካ ስትሉት ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ጉንጩ ላይ ያርፋል። ሌላውን ስትሮክ የምታውቁት የቀኝ አንጎል ሲጎዳ ግራ እጅ ሲዝል ነው፤ እዚህ ግን የተጎዳው ጎንና የሚስተው እጅ በአንድ ወገን ናቸው። ሲሄድም ወደዚያው ወገን ያዘነብላል።

«ማዞርማ ሁላችንንም ያዞረናል፤ በጾምም፣ በደም ማነስም፣ በጆሮም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ማዞር ሁሉ ስትሮክ አይደለም፤ አብዛኛውም አይደለም። አልጋ ላይ ስትገላበጡ ወይም ቀና ስትሉ ለጥቂት ሰኮንዶች ዞሮባችሁ፣ ደቂቃ ሳይሞላ የሚተዋችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ የውስጥ ጆሮ ነገር ነው፤ ሐኪም አልጋ ላይ ጭንቅላታችሁን እያዞረ ሊያስተካክለው ይችላል። ሐኪሞች ዛሬ «እንዴት ነው የሚያዞርህ?» ከሚለው ይበልጥ «መቼ ጀመረ? ያቆማል ወይስ አያቆምም? ምን ስታደርግ ይመጣል?» የሚለውን ይጠይቃሉ። እኔን የሚያስፈራኝ በድንገት ጀምሮ፣ ጋደም ብለውም ሳይተው ለሰዓታት የሚቀጥለው ነው፤ ማስመለስ አብሮት ካለ፣ መቆም ካቃተ ደግሞ የበለጠ።

እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጡት። ሳይደገፍ መቀመጥ ካልቻለ ጊዜ አታባክኑ፣ ወደ ሆስፒታል። ከተቀመጠ ሁለት ሆናችሁ በግራና በቀኝ ያዙና አስነሡት። በጆሮ ሕመም የሚያዞረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እየተንገዳገደም ቢሆን፣ ግድግዳ እየዳሰሰም ቢሆን እግሩን አንሥቶ ይሄዳል። ትንሹ አንጎሉ የተመታው ግን እግሩ ጠንካራ ሆኖ ሳለ እንደ ቆመ ሊወድቅ ይችላል። መራመዱ ብቻውን ነፃ አያወጣውም፤ ንግግሩ ከተጎተተ፣ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ካየ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ከማጅራቱ የሚነሣ ኃይለኛ የራስ ምታት በድንገት ከጀመረው፣ ቢራመድም ውሰዱት። አንድ ጆሮው ድንገት መስማት ቢያቆምም «ጆሮ ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ የውስጥ ጆሮና ትንሹ አንጎል አንድ የደም ሥር የሚጋሩበት ቦታ አለ።

እግረ መንገዴን አንድ ተግሣጽ። ሰው ሲያዞረው ለስላሳ ማጠጣት፣ ጨው ያለበት ቡና መስጠት፣ ይህ ልማዳችን ነው፤ በደግነት እንደምታደርጉት አውቃለሁ። መዋጥ የሚያስቸግረው ስትሮክ ከሆነ ግን ያጠጣችሁት ወደ ሳንባው ነው የሚገባው። አስፕሪንም እንዲሁ። ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ይሁን ወይም ፈስሶ ሳይታወቅ ከቤት ክኒን ማዋጥ የፈሰሰውን ማባስ ነው። መንገድ ላይ የሚንገዳገድና የሚኮላተፍ ሰው አይታችሁም «ጠጥቶ ነው» ብላችሁ አትለፉት። አፉ መጠጥ ይሸት እንደሆነ ቀርቦ ማረጋገጥ ምን ያስከፍላል? ደግሞስ የጠጣ ሰው ስትሮክ አይይዘውም ያለው ማነው?

ወደ ሲቲ ስካኑ ልመለስ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነውና። ሲቲ ስካን ፈጣን ነው፤ የፈሰሰ ደም ካለ ቶሎ ያሳያል፤ መነሣት አለበት። ከራስ ቅል በስተኋላ ያለው አጥንት ግን ወፍራም ነው፤ ምስሉን ያበላሸዋል። በዚያ ላይ የተዘጋ የደም ሥር ያመጣው ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መልኩ ገና አልተለየም። ስለዚህ «ሲቲው ንጹሕ ነው» ማለት «ደም አልፈሰሰም» ማለት ነው፤ «ስትሮክ የለም» ማለት አይደለም። መቆም ያልቻለ ሰው ሲቲው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ መቆም አይችልም፤ ታዲያ ምኑን ይዛችሁ ነው ቤት የምትመለሱት?

ኤምአርአይ ይሻላል። ቢሆንም እሱም በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን የሚያልፈው አለ። ሆርሄ ካታህ፣ ዴቪድ ኒውማን-ቶከርና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ያሳተሙት ጥናት ሐኪሞችን ያስገረመው በዚህ ነው፤ በሠለጠነ ሐኪም የተደረገ የዓይን ምርመራ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከኤምአርአይ በልጦ ተገኘ። ሦስት ነገር ያያሉ። ሐኪሙ ሕመምተኛውን «አፍንጫዬን እያየህ ቆይ» ይለውና ጭንቅላቱን ይዞ በትንሹ ግን በፍጥነት ያዞረዋል። ችግሩ ከጆሮ ከሆነ ዓይኑ ከአፍንጫው ላይ ይንሸራተትና ዘሎ ይመለሳል። ስትሮክ ከሆነ ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተተከለ ይቀራል። አያችሁ? እየዞረበት ያለው ሰው ዓይኑ ደህና ሲመስል ነው ሐኪሙ የሚደነግጠው። ሁለተኛው የዓይን መርገብገብ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲያይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲያይ ወደ ግራ አቅጣጫውን ከቀየረ መጥፎ ነው። ሦስተኛ፣ ዓይኖቹን ተራ በተራ እየሸፈኑ ሲገልጡ የተገለጠው ዓይን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ዘሎ ቦታውን ካስተካከለ ያው ነው። ይህን የምነግራችሁ ሳሎን ውስጥ አባታችሁን አንገት ይዛችሁ እንድትሞክሩ አይደለም! ምርመራው ያለማቋረጥ ለሚያዞረው ሰው ብቻ የሚሠራ፣ ሥልጠና የሚፈልግ ነው። የናንተ ድርሻ ለሐኪሙ ወሬውን በትክክል ማድረስ ነው፤ «እያዞረው ነው» ብቻ አትበሉ፤ «ከጠዋት ጀምሮ መቆም አልቻለም፣ ብርጭቆ ሲያነሣ ይስታል» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ወረፋ ታስቀድማለች።

መሐንዲሳችን በመስታወቱ ማዶ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። እሺ፣ አየሁህ።

ስትሮኩ ስለሚያመጣው እብጠት ሳልናገር ግን አልወጣም። ትንሹ አንጎል ያለበት ጉድጓድ ጠባብ ነው፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ ትንፋሽንና ንቃትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ አለ። ስትሮኩ ትልቅ ከሆነ የተጎዳው ክፍል ያብጣል፤ እብጠቱ የሚበረታው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። ያን ጊዜ የአንጎሉ ፈሳሽ መውጫ ሊዘጋ፣ ግንዱም ሊጨፈለቅ ይችላል። ትናንት ይጫወት የነበረው ሰውዬ ዛሬ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ስትጠሩት ቶሎ ካልነቃ፣ «ደከመው፣ ይተኛ» አትበሉ፤ ነርሷን ጥሩ። በዚህ ሰዓት የነርቭ ቀዶ ሐኪም ፈሳሹን በቱቦ ያወጣል ወይም ከኋላ አጥንቱን ከፍቶ ቦታ ይሰጠዋል። በጊዜው የተሠራላቸው ብዙዎች ተነሥተው ሄደዋል። «አሁንማ ተሻለው፣ ይዘነው እንውጣ» እያላችሁ በሁለተኛው ቀን ሐኪም የምትጨቀጭቁ ቤተሰቦች፣ እባካችሁ።

የቀሩትን በሩጫ። ወጣት ነኝ ብሎ የሚዝናና ካለ፦ ወደ ትንሹ አንጎል ደም የሚያደርሱት ሁለት የደም ሥሮች በአንገት አጥንት ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚያልፉት። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ ውስጠኛው ግድግዳቸው ሊሰነጠቅ፣ እዚያም ደም ሊረጋ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን የሚጥለው የሠላሳና የአርባ ዓመት ሰው ነው። ፀጉራችሁን ከተቆረጣችሁ በኋላ አንገታችሁን ቀጭ የምታስደርጉ፣ ማሳጁ ይበቃችኋል። የአንገት ሕመም ከጀመራችሁ በኋላ ማዞር ከመጣ ሁለቱን አያይዛችሁ ለሐኪም ንገሩ።

የደም ግፊት መድኃኒት «ደህና ነኝ» ብላችሁ ያቋረጣችሁ፣ የልብ ቫልቭ ሕመም ያለባችሁ፣ የልብ ምታችሁ የተዛባ ነው የተባላችሁ፣ ለናንተ ደግሞ ራሱን የቻለ ዝግጅት ያስፈልጋል፤ ቀጠሮ ይያዝልኝ።

አምቡላንስ፣ አገር ቤት ያላችሁ ቀይ መስቀል 907። በስልክ የምትከታተሉን፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። አምቡላንስ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ፤ ሕመምተኛው በጎኑ ይተኛ፣ ሲያስመልሰው እንዳይታነቅ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ሆስፒታል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው የሚሰጠው። የሚቆጠረውም ሆስፒታል ከገባችሁበት አይደለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ጊዜ ነው። ተኝቶ ሲነሣ የጀመረው ከሆነ ከመተኛቱ በፊት ደህና የነበረበትን ሰዓት አስታውሱ፤ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ድንጋጤ ያስረሳል። ካርድ ክፍል ስትደርሱም በመጀመሪያ የምትናገሩት እሱን ይሁን፦ «እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ደህና ነበር፣ ከዚያ ወዲህ መቆም አልቻለም።»

ዜና አንባቢዋ በር ላይ ቆማለች፤ ወንበሩን ልልቀቅላት።