ሁለት ሆኖ በአውቶቡስ

ባልና ሚስት ሆኖ አገር መዞር የባለ ገንዘብ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ጅማ በአውቶቡስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊቤ በረሃ ሲወርዱ ሹራብ ይወልቃል፤ መስኮት ሲከፈት ደግሞ «ንፋስ ገባ፣ ዝጉት!» የሚል ከኋላ አይጠፋም። ጅማ ከተማ ቦሳ አዲስ ሰፈር አድሮ፣ በማግስቱ ጅሬን ወጥቶ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማየት፣ ከዚያ በሚኒባስ አጋሮ። አጠገቧ ጮጬ አለች፤ ቡና መጀመሪያ ተገኘባት የምትባለው። ኅዳር ላይ ከሄዱ ቀይ እሸት ቡና ሲለቀም ይደርሳሉ። ብራዚልና ኮሎምቢያ ድረስ ቡና ለማየት የሚሄድ ሞልቷል፤ የዓረቢካ ቡና የትውልድ ደን ግን እዚሁ ነው። ሙሽሮች፣ ከሠርጉ ቪዲዮ ወጪ ጥቂት ቀንሱና ሁለት ትኬት ቁረጡ።