የዕለት ድርሻ



ትምህርታችንን ልንፈጽም ስንቃረብ፣ ነገ በምን እንተዳደራለን የሚል ሥጋት ይይዘናል።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈው፣ እስራኤል በምድረ በዳ በተራቡ ጊዜ እግዚአብሔር መና ሰጣቸው። ድርሻውም ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጎሞር ነበረ። አንዳንዶቹ ነገን ፈርተው ያሳደሩት ተላ፤ ሸተተም። ነገር ግን መናው የወረደው በሰፈሩ ዙሪያ እንጂ በየድንኳኑ ውስጥ አልነበረም፤ ፀሐይ ሲበረታም ይቀልጥ ስለ ነበር፣ ማልዶ መልቀም የሰው ፈንታ ሆነ።

ስለዚህ በእግዚአብሔር መታመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ለነገ ብለን የምንሸሽገውም እንጀራ ምናልባት ለተራበው ጓደኛችን የተላከ ድርሻ ይሆናል። ሕዝቡን 40 ዓመት የመገበ አምላክ እኛንም አይረሳንም፤ እኛም ማልደን እንነሣ፤ ያገኘነውንም እንካፈል።